ያላለቀውን ሥራ ይዛችሁ ኑ

ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ የምትማሩ ልጆች፣ ፕሮጀክቱ የግላችሁ ነው፤ ውጤቱም የሚሞላው በስማችሁ ነው። እሺ። ግን በር ዘግታችሁ ከላፕቶፕ ጋር ብቻችሁን ተፋጠጡ ያላችሁ የለም። አማካሪ ሥራ ይበዛበታል፣ በየቀኑ አይገኝም። እስክታገኙት አንድ ኤረር ላይ ተተክላችሁ ከምትከርሙ አራት አምስት ሆናችሁ በየሳምንቱ ተገናኙ።

ስትገናኙ ታዲያ ያማረ ስላይድ እንዳታመጡ። እሱን ሰው አይቶ "አሪፍ ነው፣ በርቱ" ብሎ ያልፋል። የማይሠራውን ኮድ፣ ግራ ያጋባችሁን ግራፍ፣ ሁለቴ ስታስኬዱት ሁለት ዓይነት ውጤት የሰጣችሁን ሙከራ አምጡ።

አንዴ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዱ ልጅ የራጅ ምስል አይቶ በሽታ የሚለይ ሞዴል፣ ማለትም ከምሳሌዎች የሚማር የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ይሠራል። ውጤቱ ከጠበቀው በላይ አምሮለታል፣ ቴሲሱን መጻፍ ሊጀምር ነው። በቡድኑ ውስጥ ስለ ራጅ ምንም የማታውቅ፣ የኤሌክትሪክ ፍጆታ ትንበያ ላይ የምትሠራ ልጅ አለች። "የአንድ ሕመምተኛ ምስሎች ሁሉ አንድ ላይ ናቸው ወይስ ሞዴሉ የሚማርበት ስልጠናውም የሚመዘንበት ፈተናውም ውስጥ ተበትነዋል?" አለችው። ተበትነዋል! ዳታው የተከፈለው በምስል እንጂ በሰው አልነበረም። ስለዚህ ሞዴሉ ስልጠና ላይ ያየውን ሰው ፈተናው ላይ መልሶ አገኘው፤ ምናልባት የለየው በሽታውን ሳይሆን ሰውየውን ነው። በሰው ከፋፍሎ እንደገና ሲያስኬደው ውጤቱ ወረደ፣ ግን አሁን የሚታመን ሆነ። ልጅቷ ይህን የጠየቀችው በራሷ ሥራ የነገው መረጃ ለዛሬው ትንበያ ሾልኮ ስላስቸገራት ነው። ለዚህ ነው ቡድኑን ከአንድ ርዕስ ሰዎች ብቻ አትሙሉት የምለው።

"ከተረዳዳን የግል ሥራነቱ የት አለ?" የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የኮምፒውተር ኩባንያው የአይቢኤም ባልደረባ ማይክል ፋጋን ኮድን በጋራ የመመርመር ሥርዓት ይዞ መጣ። የስብሰባው ዓላማ ስህተቱን ማግኘት ነው፤ መፍትሔ መንደፍ አይደለም። ማስተካከሉ የባለቤቱ ድርሻ ነው። አንዱ ስብሰባም ከሁለት ሰዓት እንዳይበልጥ፣ የተገኘው ስህተትም ሰውየውን መመዘኛ እንዳይሆን ይመክራል። ይህ ለተማሪም ልክ ይመስለኛል። ጠይቁ፣ ጠቁሙ፣ ግን ከጓደኛችሁ ኪቦርድ እጃችሁን ሰብስቡ። የትምህርት ክፍላችሁ ደንብ እስከ ምን ድረስ እንደሚፈቅድ ቀድማችሁ አጣሩ፤ የረዳችሁንም ሰው የምስጋናው ገጽ ላይ ጻፉት።

ደግሞ ሁሌ የራሱን ጥያቄ ጥሎ የሌላው ተራ ሲደርስ ስልኩን የሚነካካ ሰው አይጠፋም። በግልጽ ንገሩት። ካልሰማ ይሂድ፣ አትለማመጡት።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው፤ "በዚህ ሳምንት ምንም አልሠራሁም" ብሎ አፍሮ የሚቀረው። አንዴ ከቀረ በሚቀጥለውም ይቀራል፣ ከዚያ ድምፁ ይጠፋል። ደውሉለት። ስላይድም ማብራሪያም አትጠይቁት። ላፕቶፑን ይዞ ይምጣና የቆመበትን መስመር ከፍቶ ያሳያችሁ።