25 ሚሊ ስንት ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደሴ የድራፍቲንግ ተማሪ ነኝ። ለክፍል ሥራ ሻፍት (የሚዞር ዘንግ) እና ቦኮላ (ሻፍቱ ውስጡ የሚዞርበት ቀለበት) ሳልኩ። ሻፍቱን 25 ሚሊ፣ የቦኮላውን ቀዳዳም 25 አልኩት። የቦኮላውን ውጪ 32፣ የሚገባበትንም ቀዳዳ 32 አደረግኩ። መምህሬ ሙሉ ማርክ ሰጡኝ። ኮምቦልቻ ወርጄ ለአንድ ቶርኖ ቤት ሳሳየው ግን ሰውየው ሳቀና “ይዙር ወይስ ይጥበቅ?” ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ አብሽሪ ልጄ። ስዕልሽ ቆንጆ ሊሆን ይችላል። ሰውየው ግን ልክ ነው።

እኔ ቶርኖ ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆሜያለሁ። ልክ 25 የሆነ ብረት አይቼ አላውቅም። አንዱ 24.98 ይመጣል፣ ሌላው 25.01። ወረቀት ላይ “25” ብቻ ከጻፍሽ ለሠራተኛው የነገርሽው ግማሹን ነው። ቀሪውን እሱ ይገምታል። ግምቱ ሲሳሳት ደግሞ ብረቱም ድካሙም ከሰረ ማለት ነው።

ያንቺ ቦኮላ ሁለት ጠባይ አለው። ውስጡ ሻፍት ይዞርበታል፣ ስለዚህ ለዘይት የሚሆን ክፍተት ይፈልጋል። ውጪው ግን ንቅንቅ ማለት የለበትም፣ ተጨምቆ ነው የሚገባው። ለዚህ ነው “ይዙር ወይስ ይጥበቅ” ያለሽ።

ከመማሪያ መጽሐፍሽ ጀርባ ያለውን የቶለራንስ (የሚፈቀድ የልክ ልዩነት) ሰንጠረዥ አውጪ። ቀዳዳውን 25 ኤች7 ብትዪው ከ25.000 እስከ 25.021 ድረስ ተፈቅዷል ማለት ነው። ሻፍቱን ኤፍ7 ካልሽው ከ24.959 እስከ 24.980 ይሆናል። ቢጠብ ቢጠብ 0.02 ሚሊ ክፍተት አለ፣ ቢሰፋ 0.062። ሻፍቱ ይዞራል። ውጪው ላይ ደግሞ ቀዳዳውን 32 ኤች7፣ ቦኮላውን ፒ6 በዪው። ቦኮላው ከ32.026 እስከ 32.042፣ ቀዳዳው ከ32.025 የማያልፍ ይሆናል። ሁሌም ቦኮላው ይበልጣል። በፕሬስ ተገፍቶ ይገባል፣ አይወጣም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ መጽሐፉ ላይ ላታገኚው ትችያለሽ። ቦኮላ ሲጨመቅ ውስጡ በትንሹ ይጠባል። ስለዚህ ቀዳዳውን ቀድመሽ አትጨርሺው። ንድፉ ላይ “ከተገጠመ በኋላ በሪመር ይጨረስ” ብለሽ ጻፊ። ሪመር የተበሳን ቀዳዳ ወደ ልኩ የሚያደርስ መሣሪያ ነው። የቶርኖው ሰው ያን ቀን አይስቅብሽም።

ስትስዪ ምን መሣሪያ እንደሚሠራውም አስቢ። ፑንታ (የመብሻው ብረት) የበሳው ቀዳዳ ከፑንታው ትንሽ ይሰፋል፣ ግድግዳውም ሸካራ ነው። ስለዚህ ኤች7 ስትጽፊ መጀመሪያ ጠበብ አድርጎ ይበሳል፣ ከዚያ በቶርኖ ቢላ ወይም በሪመር ይጨረሳል። ሁለት ሥራ፣ ሁለት ሒሳብ። ማንም ለማይነካው ጎን ይህን ያህል ጥራት አትጠይቂ። የማያልፍ ቀዳዳ ስትስዪ ደግሞ ታችኛውን ጫፍ ጠፍጣፋ አታድርጊው። የተለመደው ፑንታ ጫፉ 118 ዲግሪ ሾጣጣ ነው፣ ንድፍ ላይ 120 ተደርጎ ይሳላል።

ጥያቄ፦ ብር ያለኝ ለአንድ መሣሪያ ብቻ ነው። ካሊፐር ልግዛ ወይስ ማይክሮሜትር?

መልስ፦ ካሊፐር። ውጪም፣ ውስጥም፣ ጥልቀትም ይለካል። አሮጌ ከሆነ አፉን ግጠምና ወደ ብርሃን ያዘው። ብርሃን ካሳለፈ ወይም ዜሮው ከዜሮ ካልገጠመ ለባለቤቱ መልስለት። በ0.02 የሚያነብ ከሆነ ንባቡ ቀላል ነው። የሚንሸራተተው ክፍል ዜሮ መስመር 24ን ካለፈ፣ ከመስመሮቹም 48ኛው ከላይኛው ጋር ከገጠመ 24.96 ነው። ከላይ ላለችው እህትህ የጻፍኩትን የ0.021 ልዩነት ለመዳኘት ግን ካሊፐር አይበቃም። እሱ የማይክሮሜትር ሥራ ነው። የሚዞረው እጀታው አንድ ዙር 0.5 ሚሊ፣ እላዩ ያለው አንድ መስመር 0.01 ነው። ግማሿን ሚሊ ዘሎ ማንበብ የሁሉም ጀማሪ በሽታ ነው።

ማይክሮሜትርም ቢሆን ካላወቅክበት ያዋርድሃል። ወጣት ሳለሁ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) የሚቀመጥበት ሻፍት ሠራሁ። ሙቀቱ ሳይወጣለት፣ እጅ እያቃጠለ ለካሁት። 40.01 አለኝ። ደስ ብሎኝ ቡና ልጠጣ ወጣሁ። ማታ ሲቀዘቅዝ 39.99 ሆኖ ጠበቀኝ። ኩሽኔታው ሻፍቱ ላይ እንደ ሰፊ ቀለበት ዞረ። ብረት በአንድ ዲግሪ ሙቀት በሜትር ወደ 0.012 ሚሊ ይለጠጣል። 40 ሚሊው ላይ 50 ዲግሪ ሲጨመር ከ0.02 ሚሊ ያልፋል። ልኬት የሚታሰበው በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የኮምቦልቻ ሙቀት ነው ብለህ ግን እንዳታመካኝ። የ10 ዲግሪ ልዩነት እዚያ ሻፍት ላይ ከመቶኛ ሚሊ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ጥፋቱ የኔ ጥድፊያ ነበር።

ጥያቄ፦ ማቴሪያል የሚለው ቦታ ላይ ሁላችንም “ብረት” እንጽፋለን። ችግር አለው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አለው እንጂ! ጊዛም (ቀልጦ በቅርጽ የሚፈሰው) ብረት ነው፣ ላሜራም ብረት ነው። ላሜራ ይታጠፋል፣ ጊዛ ይሰበራል። ጊዛ ውስጥ ያለው ካርቦን ከ2 በመቶ በላይ ነው፣ ተራው ለስላሳ ብረት ግን ብዙ ጊዜ ከ0.25 በመቶ አያልፍም። ግራይንደር ላይ አስጠጋው፤ የለስላሳው ብረት ብልጭታ ረጅምና ደማቅ ነው፣ የጊዛው አጭርና ቀላ ያለ። ቶርኖ ላይ ደግሞ ለስላሳው እንደ ጸጉር እየተጠቀለለ ይወጣል፣ ጊዛው ይፈረፈራል።

ጊዛ ብለህ ከጻፍክ ንድፍህም ይለወጣል። ጀበና የምትሠራ ሴት ጭቃው ሲደርቅ እንደሚያንስ ታውቃለች። ጊዛም ሲቀዘቅዝ ወደ 1 በመቶ ያንሳል። 300 ሚሊ እንዲወጣ አሸዋው ላይ ቅርጹን የሚያወጣው የእንጨቱ ሞዴል 303 መሆን አለበት። ጎኖቹም በ1 ወይም 2 ዲግሪ ዘንበል ይበሉ፣ አለዚያ ሞዴሉ ሲወጣ አሸዋውን ይንደዋል።

ጊዛ ላይ ደግሞ ዝም ብለህ “ይበየድ” ብለህ አትጻፍ። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ንድፍ መጣልኝ። ሳላሞቀው፣ በተራ ኤሌክትሮድ እንዳዘዙኝ በየድኩት። ገና ሳይቀዘቅዝ ጠረጴዛው ላይ “ጧ!” አለ።