ክረምቱ ሳይጠና ስለ ዝናብ ልብስ ጠይቁኝ

ሰኔ ገባ። ሁልጊዜ በዚህ ሰሞን የሰፈሩ ከብት አርቢዎችና አትክልት ተካዮች ጥያቄ ይዘውልኝ ይመጣሉ። ድሮ የሚበዛው የመኖና የጡት በሽታ ነገር ነበር። ዘንድሮ ግን ስለ ዝናብ ልብስ የሚጠይቀኝ ሰው በዛ፤ በጣም ደስ አለኝ። ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ ቀበና ወንዝ አጠገብ ባለው ግቢዬ 5 ላሞች አሉኝ። ሱሉልታ ደግሞ በኪራይ የያዝኳት ሣርና አትክልት የማበቅልባት መሬት አለችኝ። 22 ክረምት በዚህ ሥራ ላይ አሳልፌያለሁ። ያየሁትን ሁሉ እነግራችኋለሁ። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ «ዋተርፕሩፍ» የሚል ጃኬት መርካቶ ገዛሁ። ግማሽ ቀን ሣር አጭጄ ሳወልቀው ውስጤ በስብሷል። ተሸወድኩ ማለት ነው?

መልስ፦ ምናልባት አልተሸወድክም ወንድሜ። መጀመሪያ የራሰው የቱ ጋ እንደሆነ እይ። ትከሻህ ላይና በስፌቱ መስመር ከሆነ ዝናብ ነው። ጀርባህ፣ ደረትህና ብብትህ ከሆነ ላብህ ነው። ማጨድ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ሰውነት ይግላል። ላቡ በላስቲኩ በኩል መውጫ ያጣና ቀዝቃዛው ጨርቅ ላይ ውሃ ሆኖ ይጠራቀማል። ወጥ እየተንተከተከ የድስቱን ክዳን ስታነሳው ከሥሩ የሚንጠባጠበውን ውሃ ታውቀዋለህ አይደል? እሱ ነው።

ሰዎች ሲገዙ «ዝናብ ያስገባል ወይ?» ብቻ ነው የሚጠይቁት። እኔ ግን መጀመሪያ «ለብሰኸው ምን ልትሠራበት ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ዝናቡ ለሁላችንም አንድ ነው፤ ሥራው ግን ይለያያል። ጠዋት ወተት ይዞ ቤት ለቤት ለሚያደርስ ወይም ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው ወፍራሙ የፒቪሲ ላስቲክ ይበጃል። ለሚያጭድና ለሚቆፍር ግን ቀለል ያለ፣ ሰፋ ያለ፣ ብብቱ ሥር ቀዳዳ ወይም ጀርባው ላይ አየር ማስወጫ ያለው ይሻላል። ትንሽ ዝናብ ቢያስገባ እንኳ በላብ ከመበስበስ ይሻላል። ሥራ ስታቆም የሚያንቀጠቅጥህ ያ ላብ ነውና።

ጥያቄ፦ ጃኬቱ ላይ የጃንጥላ ሥዕልና ቁጥሮች አሉ። ምን ማለት ናቸው?

መልስ፦ ጎበዝ፣ ብዙ ሰው አያነበውም። ሥዕሉ ኢኤን 343 የሚባለው የአውሮፓ የዝናብ ልብስ መለኪያ ምልክት ነው። አጠገቡ ያለው የመጀመሪያው ቁጥር ውሃ የመከላከል አቅሙን ይናገራል። ሁለተኛው ላብ የማስወጣት አቅሙን ነው። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሁለቱም ከ1 እስከ 4 ደረጃ አላቸው፤ ሲጨምር ይሻላል። በተለይ ሁለተኛውን ቁጥር እዩልኝ። 1 ከሆነ ላብ አያስወጣም ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለውን ልብስ አየሩ 20 ዲግሪ ሲሆን ሳያወልቁ እንዲሠሩበት የሚመከረው ለ75 ደቂቃ ያህል ነው። በ25 ዲግሪ ደግሞ 60 ደቂቃ። የአዲስ አበባ የክረምት ቀን ወደ 20 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ሒሳቡን ለራሳችሁ ሥሩት። በየሰዓቱ ጣሪያ ሥር ገብቶ ደረትን ከፍቶ መናፈስ ያስፈልጋል።

ሌላ ዓይነት ቁጥርም ታገኛላችሁ፤ 5,000 ወይም 10,000 ሚሊ ሜትር የሚል። ይህ ጨርቁ ምን ያህል ቁመት ያለው ውሃ ቢጫነው እንደሚችል ነው። 10,000 ማለት 10 ሜትር የቆመ ውሃ ነው። ለጃኬት 5,000 ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሱሪ ላይ ግን ከፍ ያለውን ምረጡ። እርጥብ መሬት ላይ ስትንበረከኩ ጉልበታችሁ ውሃውን በኃይል ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

«ዋተር ሪዚስታንት» የሚል ካያችሁ ካፊያ ይችላል ማለት ነው። የሐምሌን ዶፍ አይችልም።

ጥያቄ፦ ሱቅ ያሳዩኝ ጃኬት ምንም ጽሑፍ የለውም። በዓይን ብቻ እንዴት ልለየው?

መልስ፦ ገልብጪው እህቴ። የጃኬት ነገር ከውስጥ ነው የሚታወቀው። ስፌቱ ላይ በሙቀት የተለጠፈ ቀጭን ፕላስተር የመሰለ ጥብጣብ ካለ ጥሩ ነው። መርፌ የወጋው ቀዳዳ ሁሉ በር ነው፤ ካልተሸፈነ ውሃ ይገባበታል። የፒቪሲ ልብስ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ ያልተሰፋ፣ በሙቀት የተበየደ መጋጠሚያ ያለውን ፈልጊ። በጥፍርሽ ጫፉን ቀስ ብለሽ ሞክሪው። ከተነሣ ተይው።

ከዚያ ጨርቁን አፍሽ ላይ አድርገሽ ንፊበት። ትንፋሽሽ ወደ ማዶ በቀላሉ ካለፈ ውሃም አይቸግረውም። ቤት ካመጣሽው ደግሞ ሳህን ላይ እንደ ጎድጓዳ አድርገሽ አንድ ብርጭቆ ውሃ አፍሽበት። ግማሽ ሰዓት ጠብቂና በአውራ ጣትሽ ጫን እያደረግሽ ከሥር ዳብሺው። ስፌቱ ያለበትን ቦታ መርጠሽ ሞክሪ።

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ አንድ ሱቅ ውስጥ ውድ ጃኬት በመልኩ ብቻ ገዝቻለሁ። ሐምሌ ላይ ሱሉልታ ጎመን ስነቅል ዶፉ ወረደ። ሩብ ሰዓት አልሞላም፤ ውሃው በትከሻ ስፌቱ ገብቶ በአከርካሪዬ እየተንቆረቆረ ቀበቶዬ ጋ ደረሰ። ሦስት ቀን ተኛሁ። ከዚያ ወዲህ ስፌት ሳላይ የገዛሁት የለም።

ጥያቄ፦ ሰልባጅ ይሻላል ወይስ አዲስ?

መልስ፦ ጥሩ ሰልባጅ ከመጥፎ አዲስ ይበልጣል። ከቦንዳ የሚወጡ የአውሮፓ የሥራ ጃኬቶች አንዳንዴ በጣም ጥሩ ናቸው። ግን ዕድሜያቸው አይታወቅም። ውስጡን በመዳፋችሁ እሹት። ከተጣበቀባችሁ ወይም እንደ ፎረፎር ነጭ ቅርፊት ካራገፈ ሽፋኑ አልቋል፤ አይድንም። ክርኑንና የኮፍያውን መታጠፊያ ወደ ብርሃን አቅርባችሁ እዩ። ብርሃን እንደ ወንፊት ነጠብጣብ ሆኖ ከታየ ተዉት።

ጥያቄ፦ ብሬ ለሁሉም አይበቃም። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ከእግር! ከእግር ጀምር ልጄ። ሁሉም ሰው ከጃኬት ነው የሚጀምረው፤ እኔ ደግሞ ሁልጊዜ እከራከራለሁ። ደረትህ ቢረጥብ ቤት ገብተህ ትቀይራለህ። እግርህ ግን ከጠዋት እስከ ማታ እበትና ጭቃ ውስጥ ነው። ጣቶችህ መሐል ይላጣል፤ ይሸታል፤ ያሳክካል። በረት ውስጥ በኮንጎ ጫማ የሚውሉ ልጆችን እግር አይቼ አዝኛለሁ። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሥራት ደግሞ የእግር ዝሆኔ ያመጣል። ጫማና እግርን በሳሙና መታጠብ የሚከላከሉት በሽታ ነው፤ እያወቅን ለምን እንታመማለን?

እስከ ጉልበት ሥር የሚደርስ ቦት ግዛ። በወፍራም ካልሲ ለካው፤ ተረከዝህ ሊወጣ አይገባም፤ ጣትህ ደግሞ መላወሻ ይኑረው። ሶሉን ገልብጠህ እይ። ጥርሱ ጥልቅና የተራራቀ ከሆነ ጭቃ አይዝም። ላም የምታልብ ከሆነ ጫፉ ላይ ብረት ያለው ሴፍቲ ቦት ፈልግ፤ የፈረንጅ ላም ስትረግጥ ጣት ትሰብራለች።

ቀጥሎ ሱሪ ነው። ባለ ማንገቻ፣ እስከ ደረት የሚወጣው ተመራጭ ነው፤ ስታጎነብስ ወገብህ አይጋለጥም። አደራህን ሱሪውን ቦቱ ውስጥ አትክተተው። ከላይ ይውረድ። ውስጥ ከከተትከው ከጭንህ የሚወርደው ውሃ በሙሉ ቦትህን ይሞላዋል። ጃኬት በመጨረሻ ነው። በዚያ መሐል ሰፋ ያለ የላስቲክ ካፖርት ይይዝሃል።

ጥያቄ፦ ሳልብ ውሃ በእጅጌዬ ሽቅብ ይገባል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እጅሽ ወዴት እንደሚያመለክት እዪ። ወደ ላይ የምትሠሪ ከሆነ፣ ለምሳሌ ቅርንጫፍ ስትቆርጪ፣ ጓንቱ ከእጅጌው በላይ ይዋል። ወደ ታች ስትሠሪ እጅጌው ከጓንቱ በላይ ይውረድ። የእጅጌው አፍ የሚጠብቅ ማሰሪያ ያለውን ምረጪ። ስታልቢ ግን እስከ ክርን ሰብስበሽ ሽርጥ ብቻ ብትለብሺ ይሻላል፤ ለንጽሕናም ነው።

ጥያቄ፦ ላሜ አዲሱን ካፖርቴን አይታ ባልዲውን ገለበጠችው። ቀለሙን ጠልታ ነው?

መልስ፦ ድምፁ ነው ይበልጥ የሚያስደነግጣት። አዲስ ላስቲክ ሲንቀሳቀስ ይንኮሻኮሻል፤ ጫፉም ይውለበለባል። የእኔዋ ቡሬ አንድ ሙሉ ሳምንት አስቸግራኛለች። መጨረሻ ላይ ካፖርቱን በረቱ አጥር ላይ ሰቀልኩት። መጀመሪያ ከሩቅ ጆሮዋን አቁማ አየችው። ቀስ ብላ መጥታ አሸተተችው። ከዚያ በምላሷ ላሰችው። በማግስቱ ለብሼ ስገባ ቀና ብላም አላየችኝ። እናንተም እንዲህ አለማምዷት። ቀለሙን ግን ቢጫ ወይም ብርቱካናማ አድርጉት፤ በማለዳ ጉም አስፋልት ስታቋርጡ ሾፌር ያያችኋል።

ጥያቄ፦ ድሮ አያቶቻችን በምን ይሠሩ ነበር? ገሳ ይሻላል የሚሉ አሉ።

መልስ፦ ገሳን አትናቁት። ከሣር ተጎንጉኖ፣ እንደ ጎጆ ክዳን ውሃውን ቁልቁል የሚያንሸራትት ነው። ከሥሩ ክፍት ስለሆነ አየር ይገባል፤ ላብ አያፍንም። ዛሬ የውጭ ጃኬቶች በብዙ ብር የሚሸጡልን ነገር ነው። ለእረኛና ለጠባቂ ጥሩ ነው፤ ለበረት ሥራ ግን ይበዛል። ከበርኖስም የምንማረው አለ። የበግ ጸጉር ረጥቦም ይሞቃል። ስለዚህ ከዝናብ ልብሱ ሥር የሱፍ ሹራብ ልበሱ። ጥጥ ውሃ ይጠጣና ገላ ላይ ይለጠፋል። ጋቢ ደግሞ ለማታ ነው፤ ደረቅ ሆኖ ቤት ይጠብቃችሁ።

ጥያቄ፦ ሠራተኛዬ ማዳበሪያ ከረጢት ለብሶ ነው የሚሠራው። ለምዶታል፤ ግድ ነው መግዛት?

መልስ፦ አዎ፣ ግድ ነው። ይህን በቁጣ ሳይሆን ከልቤ ነው የምነግርህ። ልጁ ለምዶት አይደለም፤ ሌላ ስለሌለው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የመከላከያ ልብስና መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ሕጉም ባይኖር አንተ በረንዳ ላይ ሆነህ እሱ ዶፍ ውስጥ ገብቶ ላምህን ያድናል። የራሱን ቦት በራሱ ልክ ግዛለት። የአንተን አሮጌ አትስጠው፤ ያልሆነ ጫማ ጭቃ ውስጥ ይጥላል። ሁለት ጥንድ ካልሲ ጨምርለት፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይኑረው።

ጥያቄ፦ ፖንቾ የሚባለው፣ በራስ የሚጠለቀው እጅጌ የሌለው የዝናብ ልብስስ?

መልስ፦ ለመንገድ ጥሩ ነው። ሣር መቁረጫ ማሽን አጠገብ ግን በፍጹም። ጫፉ ከተያዘ ሰውን ይጎትታል።

ጥያቄ፦ በዝናብ ልብሴ ፀረ ተባይ ልርጭበት?

መልስ፦ አይሆንም። መድኃኒቱ ጨርቁ ላይ ይቀራል፤ ነገ ላም ስታልብ ለብሰኸው ትገባለህ። የርጭት ልብስ ለብቻው ይቀመጥ፤ ለብቻው ይታጠብ።

ጥያቄ፦ የዝናብ ልብሴ በዓመቱ ይሰነጠቅብኛል። ቦቴም ተበሳ።

መልስ፦ የሚገድለው ፀሐይ ነው። ክረምት ላይ ፀሐይ ብልጭ ስትል ሮጠን እናሰጣለን፤ ፒቪሲ ግን በፀሐይ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል። ጥላ ሥር፣ ሳይታጠፍ፣ በሰፊ መስቀያ ስቀሉት። ጭቃውን በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ አጥቡ። በረኪና አይንካው። እበትና ሽንት አይደርበት፤ ማታውኑ አለቅልቁት። ቦት ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቁና እሳት ዳር ሳይሆን አየር ያለበት አቁሙት።

የተበሳ የጎማ ቦት ጎሚስታ ጋ ይድናል፤ የካላማዳሪያ ቁራጭ ይለጥፍበታል። የፒቪሲው ግን በጎማ ማስቲሽ አይይዝም፤ የፒቪሲ ማጣበቂያ ይፈልጋል። ከመለጠፋችሁ በፊት ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉና በደንብ አድርቁ። እርጥብ ላይ የተለጠፈ በማግስቱ ይነሣል።

ጥያቄ፦ ሥራ የምጀምረው ነሐሴ መጨረሻ ነው። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» ይባላል። ግዢውን ለሚቀጥለው ዓመት ላቆየው?

መልስ፦ አታቆየው። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ዝናቡ መስከረምንም ይነካል። የበልጉም ይመጣል። ደግሞ ያን ጊዜ ገበያው ቀዝቀዝ ስለሚል ነጋዴው ይለሳለሳል። ቅዳሜ ጠዋት ወፍራም ካልሲህን ይዘህ ና፤ መርካቶ አብረን ወርደን ስፌቱን እናያለን።