ሁለተኛ የወጣው ማን ነበር?

ለሰሜን ሸዋ ልጆች፣

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ የአንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጥያቄ ነው። የመመረቂያ ጽሑፏን የምትሠራው ስለ ምርጫ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ታሪክ አስተምሬ ጡረታ እንደወጣሁ፣ በምርጫ ሰሞንም ጣቢያ ላይ እሠራ እንደነበር ሰምታ ቤቴ መጣች። ብዙ ጠየቀችኝ፤ የማውቀውን ነገርኳት። ልትሄድ ስትል "መምህር፣ በ97 እዚህ እኛ ጋ ሁለተኛ የወጣው ማን ነበር? በስንት ድምጽ ተበለጠ?" አለችኝ።

ሰውየውን አስታወስኩት። ቁጥሩን ግን ልነግራት አልቻልኩም። የሚያናድደኝ፣ ያ ቁጥር የተጻፈበትን ደብተር በእጄ ይዤ አይቼዋለሁ። ደብተሩ ዛሬ የለም።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ሰው የተሰለፈው ገና ሳይነጋ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ግንቦትም ቢሆን ማለዳ ላይ አይቻልም። አዛውንቶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ እናቶች ልጅ አዝለው፣ የፋብሪካ ሠራተኞች ከሌሊት ፈረቃ ወጥተው ቤት ሳይገቡ መጥተው ቆሙ። ከዚያ በፊት ባሉት ወራት የፓርቲዎቹ ክርክር በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ሻይ ቤቱ ሁሉ ጢም ብሎ ይሞላ ነበር። ሚያዝያ 30 አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ ለተቃዋሚዎች ሰልፍ የወጣው ሕዝብ ወሬ እኛም ጋ ደርሷል። እንደዚያ ያለ ጉጉት በዕድሜዬ አላየሁም፣ ከዚያ ወዲህም አላየሁም።

እኔ የጣቢያው ጸሐፊ ነበርኩ። ቆጠራው ሲጀመር መሽቶ ነበር። ብዙም ሳንቆይ መብራት ሄደ። ፋኖስ መጣ። የተማሪዎቹን ዴስክ አንድ ላይ ገጥመን ወረቀቱን በየምልክቱ እየለየን ከመርን። አንዱ ወረቀቱን ገልጦ ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ ሌላው ይጠራል፣ እኔ እመዘግባለሁ። "ንብ!" "ሁለት ጣት!" ንብ የገዥው ፓርቲ የኢሕአዴግ፣ ሁለት ጣት የተቃዋሚው የቅንጅት ምልክት ነበር። የእጩዎቹ ወኪሎች አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። የሕዝብ ታዛቢዎቹ እንቅልፍ እየጣላቸውም ዓይናቸውን ከወረቀቱ አይነቅሉም።

ብዙ ያጨቃጨቀን ዋጋ አልባው ድምጽ ነበር። ይህን በደንብ ስሙኝ፤ የትም ተጽፎ አላየሁትም። መራጩ የሚሰጠው ሁለት ወረቀት ነው። አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለክልል ምክር ቤት። ለተወካዮች ምክር ቤት የሚመረጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። ለክልል ግን ከአንድ በላይ መምረጥ ይቻላል፤ አዲስ አበባ ላይማ 138 የከተማ ምክር ቤት ወንበር ለ23 ምርጫ ክልሎች ሲከፈል ለእያንዳንዱ 6 ይደርሰዋል። እንግዲህ ፊደል ያልቆጠሩ እናት በሁለቱ ወረቀት ላይ ሁለት ዓይነት ሕግ እንዴት ይለዩ? በአንዱ ሁለት ሰው ምረጡ ሲባሉ በሌላውም ሁለት ይመርጣሉ። ድምጻቸው ወደቀ ማለት ነው። ደግሞ ምልክት ማድረግ ለማይችሉ የጣት አሻራ ተፈቅዷል። ቀለሙ ሳይደርቅ ወረቀቱ ሲታጠፍ አሻራው ማዶ ባለው እጩ ላይም ያትማል። አንድ እንደዚህ ያለ ወረቀት ይዘን ስንከራከር ትዝ ይለኛል። አንደኛው አሻራ ደማቅ፣ ሌላው ፈዛዛ ነበር። አንዲት ታዛቢ እናት ወረቀቱን ተቀብለው መልሰው አጠፉትና "ይኸው ገጠመ፤ ሰውየው አንድ ጊዜ ነው የጫኑት" አሉ። ጸጥ አልን። ድምጹ ተቆጠረ።

ውጤቱን ሞልተን፣ ፈርመን፣ በሩ ላይ ለጠፍነው። ሲነጋጋ ካፊያ ጀመረ። ከእጩዎቹ የአንዱ ወኪል የነበረ የጂኦግራፊ መምህር፣ የሥራ ባልደረባዬ፣ በሩ ላይ ቆሞ ቁጥሩን ሲገለብጥ አየሁት። ሃምሳ ሉክ ደብተር፣ ቢክ እስክሪብቶ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ጣቢያ ሄደ። ከዚያም ወደሚቀጥለው። ዝናቡ ወረቀቱን ሳያጥበው፣ ሰው ሳይገነጥለው ልድረስ ብሎ በእግሩ ከተማውን አዳረሰ። የማንን እጩ እንደወከለ አልጽፍም። ልጆቹ እዚሁ ይኖራሉ።

በኋላ ደብተሩን ለአንድ ሌሊት አዋሰኝ። የጂኦግራፊ መምህር ነዋ! መጀመሪያ ገጹ ላይ ከተማውን በእርሳስ ሥሎታል። የበሬሳ ወንዝ፣ የአዲስ አበባና የደሴ መንገድ፣ ጠባሴ፣ ፋብሪካው። ጣቢያዎቹን ነጥብ አድርጓቸዋል። በየነጥቡ የእያንዳንዱ እጩ ድምጽ ተጽፏል፤ ዋጋ አልባው በቀይ ነው። እና ምን አገኘ መሰላችሁ? የእሱ እጩ የተሸነፈው ተወልዶ ባደገበት ሰፈር ነበር። አንድም ቀን ሄዶ ባልቀሰቀሰበት፣ የፋብሪካ ሠራተኞች በሚበዙበት ጣቢያ ደግሞ አሸንፏል። ባልደረባዬ ከጎኑ "ለምን?" ብሎ ጽፎ በክብ አስገብቶታል። ያችን "ለምን?" እስከ ዛሬ አስባታለሁ። ዘመድ ዘመዱን ይመርጣል ስንል የኖርነውን ሁሉ ታፈርሳለች።

ደብተሩን በማግስቱ መለስኩለት። ያኔ ብገለብጠው ኖሮ ዛሬ ለልጅቷ ሰጥቼ እልካት ነበር።

ከዚያ የመጣውን ታውቃላችሁ። በውጤቱ ውዝግብ ሰኔ ላይ ደም ፈሰሰ። ነሐሴ ላይ በ31 ምርጫ ክልሎች ምርጫው ተደገመ። ጥቅምት 1998 ላይ እንደገና ደም ፈሰሰ፤ የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ። በየቤቱ ፍርሃት ገባ። ባልደረባዬ ካረፈ በኋላ ባለቤቱን ስለ ደብተሩ ጠየቅኳቸው። "ኅዳር ሲታጠን አቃጠልኩት" አሉኝ። ኅዳር 12 ቀን ሁሉም ደጁ ላይ ቆሻሻ ያቃጥላል፤ የማን ጭስ ምን እንደሆነ ማን ይጠይቃል? ቅስቀሳ ወረቀቱንም፣ ፎቶውንም፣ ደብተሩንም አብረው ሰደዱት። አልፈርድባቸውም። ባል የሚወሰድባት ሴት ስለ ታሪክ ልትጨነቅ አይገባም። ግን ያቺ ከተማ በዚያ እሑድ ያሰበችው በሙሉ እዚያ ጭስ ውስጥ ሄደ።

እናንተ ምርጫ ሲባል በ97 የተጀመረ ይመስላችኋል። አይደለም። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ በ1949 የመጀመሪያው የሕዝብ ምርጫ ተደረገ። የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ስንዱ ገብሩ የገቡት ያኔ ነው። ከዚያ በ1953፣ በ1957፣ በ1961 እና በ1965 ተመርጧል። ፓርቲ የሚባል የለም። እጩው በሚወዳደርበት ወረዳ ነዋሪና ባለንብረት መሆን ነበረበት። አባቴ "ንብረት ያለው ነው የሚያወራልን" ይል ነበር። ከተማ ለብቻው እንደራሴ የሚያገኘው ከ30 ሺሕ በላይ ነዋሪ ሲኖረው ነው። ደብረ ብርሃን ያን ጊዜ ያን ያህል ሰው አልነበራትምና ከገጠሩ ጋር ነበር የምትመርጠው። በ1979 በደርግ ዘመን የሸንጎው፣ የያኔው ፓርላማ፣ ምርጫ መጣ፤ 835 ወንበር፣ አንድ ፓርቲ። በ1987 ደግሞ አሁን ያለው የ547 ወንበር ምክር ቤት ተጀመረ። የ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ለደብረ ብርሃን 38,717 ሰው፣ የ1999ኙ 65,231 ሰው መዝግቧል። ከተማዋ እንዲህ ስታድግ መራጩም ሌላ መራጭ ይሆናል። የገበሬ ልጅ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ተማሪ፣ ተከራይ ይገባበታል። ይህን ለውጥ ማየት የሚቻለው በጣቢያ ደረጃ ነው።

በጥቅል ውጤት ብቻ የምታዩ ከሆነ የአዲስ አበባን 23 ወንበር ተመልከቱ። በ1997 ሁሉንም ቅንጅት ወሰደ። በ2002 ኢሕአዴግ 22ቱን ወሰደ፤ አንዷን የተቃዋሚዎች ጥምረት የመድረክ እጩ ግርማ ሰይፉ አገኙ። በመላ አገሪቱም ከእሳቸው ሌላ ከገዥው ፓርቲና ከአጋሮቹ ውጭ የገቡት በግል የተወዳደሩት ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ ብቻ ነበሩ። በ2007 ያችም ቀረች። ታዲያ የአንድ ከተማ ሕዝብ በአምስት ዓመት ውስጥ ሐሳቡን እንዲህ ገለበጠ ማለት ነው? ወንበር ይህን አይነግራችሁም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት ከሌሎቹ የበለጠ ድምጽ ያገኘ ያልፋል። 30 ሺሕ ሰው ድምጽ ሰጠ እንበል። አንዱ 12 ሺሕ፣ ሌላው 10 ሺሕ፣ ሦስተኛው 8 ሺሕ ካገኘ ባለ 12 ሺሑ ይገባል። ያልመረጠው 18 ሺሕ ሰው ከወንበሩ ቆጠራ ይጠፋል። ለዚህ ነው የልጅቷ ጥያቄ ትልቅ የሆነው። ስለ ሁለተኛውና ስለ ሦስተኛው ካልጠየቃችሁ የምታጠኑት የአሸናፊን ታሪክ ነው።

እንዳትቀየሙኝ አንድ ነገር ልናገር። የዛሬ ልጆች በአሜሪካ ምርጫ ፔንሲልቬንያ በስንት ድምጽ ወደ ማን እንደዞረ ታውቃላችሁ። ስልካችሁ ላይ ካርታው አለ፤ ቀይና ሰማያዊ። የራሳችሁን ምርጫ ክልል ወሰን ግን የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ስጠይቃችሁ ትስቃላችሁ። ቲክቶክ ላይ ስለ ምርጫ የሚባለው በሙሉ ስድብና ፉከራ ነው፤ እዚያ የምታገኙት ምንም ነገር የለም። ቁጥር ያዙ። በየጣቢያው፣ የሁሉንም እጩ፣ ዋጋ አልባውንም ጭምር።

ቁጥር ሲባል ግን የ2013ቱን ምርጫ አንሡ። ሰኔ 14 ቀን ተመረጠ። መጀመሪያ በተገለጸው ውጤት ገዥው ፓርቲ ብልጽግና ከ436 ወንበር 410 አገኘ፤ ተቃዋሚዎቹ አብን 5፣ ኢዜማ 4። ከዚያ በፊት በሚያዝያ የዚሁ የሰሜን ሸዋ ከተማ አጣዬ ተቃጥላለች። ሰው ልጁን ይዞ ደብረ ብርሃን ድረስ ተሰዷል። ምን ዓይነት ሠንጠረዥ ነው ይህን የሚያሳየው? ሰዎቹን ካልጠየቃችሁ ቁጥሩ ምንም አይነግራችሁም።

ስለዚህ በሚመጣው ምርጫ ማታ ውጤት ሲለጠፍ ሂዱ። ወረቀቱን በስልካችሁ አንሡ፤ የጣቢያው ስምና ፊርማዎቹ አብረው ይታዩ። ቴሌግራም ላይ አንድ ቻናል ክፈቱና የሁሉንም ጣቢያ እዚያ አስቀምጡ፤ ከደብተር ይሻላል፣ አይቃጠልም። ማን ይቅደም ማን ይቅር አስተያየት አትጻፉበት።

ያለፈውን ለመሰብሰብ ደግሞ አሸናፊዎቹ ጋ አትሂዱ፤ የሚነግሯችሁ ስለ ድላቸው ነው። የተሸናፊዎቹን ወኪሎች ፈልጉ። የጣቢያ ሠራተኛ የነበሩ መምህራንን ፈልጉ፤ ብዙዎቻችን ጡረታ ወጥተናል። የሕዝብ ታዛቢ የነበሩ እናቶችን ጠይቁ፤ የእነሱን ያህል የሚያስታውስ አላገኘሁም። ጠዋት ጠዋት ሂዱ። መጀመሪያ ስለ ሌላ ነገር ተጫወቱ። አንዳንዱ ዛሬም ይፈራል፤ ወረቀት እያለው "የለኝም" ይላችኋል። አትጫኑት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ። "ስሜን እንዳትጽፉ" ካላችሁ አትጻፉ። ወረቀቱን ፎቶ አንሥታችሁ እዚያው መልሱለት።