የቡላ ሙጫዬ ፓተንት ያስገኝልኛል?

ጥያቄው ከሐዋሳ የመጣ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«የአንድ ዩኒቨርሲቲ የቤተ ሙከራ ረዳት ነኝ። ማታ ማታ ግቢዬ ውስጥ ድምፅ የሚመጥ ሰሌዳ እሠራለሁ፤ ለስቱዲዮና ለአዳራሽ ግድግዳ የሚሆን። ሰሌዳው ከእንሰት ቃጫ ነው፣ ሙጫው ከቡላ። ሐሳቡ የመጣልኝ እናቴ የቡላ ገንፎ ስትሠራ ነው። ድስቱ ላይ የደረቀው በቢላም አልላቀቅ አለ። ቡላ ብቻውን ግን ክረምት ላይ እርጥበት እየሳበ ሰሌዳውን ያጎብጠዋል። ከብዙ ሙከራ በኋላ ከሌላ ተክል የወጣ ነገር ጨምሬበት ተስተካከለ። ከአራት ወር በፊት አዲስ አበባ ባዛር ላይ አሳየሁት፤ ያን ዕለት ቲክቶክ ላይም ለቀቅኩት። አሁን አንድ ነጋዴ ‹እኔም እሠራዋለሁ› እያለ ነው። ፓተንት ማውጣት እችላለሁ? ወይስ ከተክል ስለሆነ አይፈቀድም?»

ከመጨረሻው ልጀምር። ከተክል መሠራቱ አይከለክልዎትም። የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ፓተንት የሚነፍገው ለዕፅዋት ዝርያና ዕፅዋትን ለማራባት ለሚያገለግል ሥነ ሕይወታዊ ዘዴ ነው። እርስዎ አዲስ እንሰት አላዳቀሉም። ሙጫ ነው ያበሰሉት።

ጣጣው ሌላ ቦታ ነው። አዋጁ ፈጠራው አዲስ እንዲሆን፣ ፈጠራዊ ብቃት እንዲኖረውና በኢንዱስትሪ ሥራ ላይ መዋል እንዲችል ይጠይቃል። ሦስተኛው አያከራክርም፤ ሰሌዳውን እየሠሩት ነው። አዲስነት ግን የሚለካው በዓለም ዙሪያ ነው። «በኢትዮጵያ ማንም አልሠራውም» ማለት ለፓተንት አይበቃም። ፈጠራዊ ብቃት ደግሞ በቀላል አማርኛ ይህ ነው፦ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ያለ ብዙ ድካም ሊደርስበት ይችል ነበር ወይ?

እዚህ ላይ ደስ የማይል ነገር ልንገርዎት። ቡላ ስታርች ነው፤ የስታርች ሙጫ ደግሞ የቆየ ነገር ነው። የካርቶን ፋብሪካዎች የሚያጣብቁት በእሱ ነው። በድምፅ መጣጭ ሰሌዳ ላይም ቢሆን በ1930 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ የማዕድን ሱፍን (ከቀለጠ ድንጋይ ወይም ከመሰል ማዕድን የሚወጣ ቃጫ) በስታርች አያይዞ የኮርኒስ ሰሌዳ ለመሥራት ፓተንት ተሰጥቷል። የእንሰት ስታርች ራሱ ለመድኃኒት ክኒን ማያያዣነት ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተጠንቶ ታትሟል። ስለዚህ «ሙጫ ከቡላ ሠራሁ» ብለው ቢያመለክቱ መርማሪው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያስቀምጥና «ስታርቹን ከበቆሎ ወደ እንሰት ከመቀየር በቀር ምን አደረጉ?» ይልዎታል። እኔም ብሆን እንደዚያው እል ነበር።

የእርስዎ ፈጠራ ያለው ገንፎው ድስት ላይ መጣበቁ ላይ አይመስለኝም። በደብዳቤዎ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉት ነገር ላይ ነው፤ ክረምቱ ላይ።

ድምፅ የሚመጥ ሰሌዳ የሚሠራው በቀዳዳው ነው። አየር በቃጫዎቹ መሐል ሲርገበገብ የድምፁ ጉልበት በሰበቃ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙጫው ቀዳዳውን ከደፈነው ግን ሰሌዳው ተራ ጣውላ ሆነ ማለት ነው። ሙጫውን ሲያበዙት ይጠነክራል፣ ግን ይደፍናል። ሲያሳንሱት ቀዳዳው ይተርፋል፣ ግን እርጥበት ሲነካው ይለምጣል። የስታርች ሰሌዳ በእርጥበት መለመጡ ደግሞ ሙያው ውስጥ ያረጀ ችግር ነው። የእርስዎ ድብልቅ ቃጫው የሚነካካበትን ቦታ ብቻ ይዞ ቀዳዳውን ክፍት ከተወው፣ ክረምቱንም ካለፈ፣ ያኔ የሚያከራክር ነገር በእጅዎ አለ። ይህ ግን በወሬ አይሆንም፣ በቁጥር ነው። ሦስት ሰሌዳ ይሥሩ፤ ቃጫው፣ ውፍረቱና ክብደቱ እኩል ይሁን። አንዱን በቡላ ብቻ፣ አንዱን ገበያ ላይ ባለ የእንጨት ኮላ፣ አንዱን በእርስዎ ድብልቅ። እርጥበት ባለበት ክፍል ያቆዩዋቸው። ስንት ሚሊ ሜትር እንደጎበጡ ይለኩ፤ ድምፅ መምጠጣቸውንም እንዲሁ። ማመልከቻው ላይ «ክሌም» በሚባለው፣ ይገባኛል በሚሉበት ክፍል፣ «የቡላ ሙጫ» ብለው አይጻፉ። የድብልቁን መጠን ከዚህ እስከዚህ፣ የሚበስልበትን ሙቀት፣ የሚጫንበትን ኃይልና የሚወጣውን ሰሌዳ ይጻፉ። ጠበብ ያለ ክሌም ይቆማል፤ ሰፊው ይወድቃል።

አሁን ወደ ቲክቶኩ። አመልካቹ ራሱ ፈጠራውን ለሕዝብ ቢገልጥ፣ ከማመልከቻው ቀን በፊት ባሉት 12 ወራት ውስጥ ከሆነ ሕጋችን አይቆጥርበትም። አራቱ ወር ሄዷል፤ ስምንት ወር ቀርቶዎታል። ቪዲዮዎን አይቼዋለሁ። ከድስቱ ጎን ያለው ጣሳ ላይ በእስክሪብቶ የጻፉት ስም ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ስለዚህ «ዋናውን ምስጢር አልተናገርኩም» የሚል መከራከሪያ የለዎትም። ቪዲዮውን ቢያጠፉትም ያየው አይቶታል፤ ይልቅ የተለቀቀበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ ያስቀምጡ። አውሮፓ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ የእፎይታ ጊዜ የለም። እዚያ ፓተንት የማግኘት ሐሳብ ከነበረዎት በዚያ ቪዲዮ ያለቀለት ይመስለኛል።

ሳይጠይቁኝ የማነሣው ጉዳይ አለ፤ መሥሪያ ቤትዎ። በቅጥር ሥራ ግዴታ የተገኘ ፈጠራ፣ ሌላ ውል ከሌለ፣ የአሠሪው ነው። ከሥራው ጋር ሳይገናኝ፣ የአሠሪው ዕቃና ቦታ ሳይነካ የተሠራ ደግሞ የሠራተኛው ነው። በመሐል ያለው፣ የራስዎ ሐሳብ ሆኖ የቤተ ሙከራው መሣሪያ ከገባበት፣ የጋራ ሊሆን ይችላል። ማታ ግቢዎ ውስጥ መሥራትዎ ይጠቅምዎታል። ግን ሙጫውን አንድ ቀን እንኳ በዩኒቨርሲቲው መሣሪያ ለክተው ከሆነ ይንገሩኝ። ከማመልከትዎ በፊት በጽሑፍ የሆነ ስምምነት እንይዛለን። ሰሌዳው ገንዘብ ማምጣት ከጀመረ በኋላ ማንም በቀላሉ አይፈርምልዎትም።

እንሰቱም የራሱ ሕግ አለው። የጄኔቲክ ሀብት አርክቦትን፣ ማለትም እንደ ዕፅዋት ያለውን ሀብት አግኝቶ መጠቀምን፣ የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ከሀብቱ የሚወጡ ተዋጽኦዎችንም ይጨምራል። ከገበያ ገዝቶ ገንፎ መሥራት አይነካውም፤ ሙጫ ሠርቶ የባለቤትነት መብት መጠየቅ ግን ሌላ ነው። ለኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ደብዳቤ ጽፈው መልሱን በጽሑፍ ይያዙ። የጤፉን ታሪክ ያስታውሱታል፤ ኔዘርላንድስ ውስጥ በጤፍ ዱቄት ላይ የተያዘው ፓተንት በ2018 (እ.ኤ.አ.) የሄግ ፍርድ ቤት ፈጠራዊ ብቃት የለውም ብሎ እስኪጥለው ድረስ ስንት ዓመት አነጋገረ።

የቁጥር ማስረጃው ካልጠነከረ ሌላ መንገድ አለ፤ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት። ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጥ ነው። ፈጠራዊ ብቃት አይጠየቅበትም፣ አዲስነቱም የሚታየው በአገር ውስጥ ነው። አንድን የታወቀ ነገር በሌላ መተካት ብቻ ግን እዚህም አያስኬድም፤ አጠቃቀሙ መሻሻል አለበት። የእርስዎ ክረምት የማይበግረው ሰሌዳ እዚህ ቤቱ ነው። ጥበቃው 5 ዓመት ሆኖ ለሌላ 5 ይታደሳል። ፓተንት 15 ዓመት ነው፤ ፈጠራው አገር ውስጥ በአግባቡ እየተሠራበት መሆኑ ከተረጋገጠ 5 ይጨመርበታል። በደብዳቤዎ ባለው ብቻ ዛሬ ወስኑ ቢሉኝ ሰርተፊኬቱን እመርጣለሁ። የሙከራው ውጤት ካማረ ሐሳቤን እቀይራለሁ። የትኛውም ቢሆን ማመልከቻው የሚገባው ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ባዛሩም አገር ውስጥ የተደረገ ነውና ቶሎ ይፍጠኑ።

ነጋዴውን በተመለከተ፣ ዛሬ የሚከሱበት ወረቀት በእጅዎ የለም። «አብረን እንሥራ» ብሎ ከመጣ የምስጢር ጥበቃ ውል ሳይፈርም ግቢዎ አያስገቡት። ጣሳዎቹ ላይ የጻፉትንም ስም ከዛሬ ጀምሮ በቁጥር ይተኩት።