ሌት-7 ከፐርአዮዴት በኋላ ለምን ጠፋ ላልከው

ወንድሜ ጥያቄህ የማስተርስ ጊዜዬን አስታወሰኝ። «ከሄክ 293 (የሰው ሴል) ያወጣሁትን አርኤንኤ በፐርአዮዴት (የአርኤንኤን ጫፍ ኦክሲዳይዝ በሚያደርግ ኬሚካል) አክሜ ሲኩዌንስ ሳስደርገው ሌት-7 የሚባለው ማይክሮ አርኤንኤ (ጂን የሚቆጣጠር አጭር አርኤንኤ) ጭምር ድራሹ ጠፋ፣ አርኤንኤዬ ተበላሽቶ ይሆን?» ነው ያልከው አይደል። አልተበላሸም ባይ ነኝ፣ እንደውም ኬሚስትሪው ሰርቶልሃል።

እኔ በዚህ ነገር ሁለት ወር አቃጥያለሁ። አርኤንኤዝ (አርኤንኤ የሚበላ ኢንዛይም) ነው ብዬ ጠዋት ጠዋት ቤንቹን ስጠርግ፣ ኪት ስቀይር፣ ሱፐርቫይዘሬ ደግሞ «እጅህ ነው» እያለ ሲያበሽቀኝ ከረምኩና ለካ የያዝኩት ፕሮቶኮል የአራቢዶፕሲስ (የላብ ተክል) ነው! እፅዋት ላይ ሄን1 የሚባል ኢንዛይም የማይክሮ አርኤንኤው የመጨረሻ ስኳር ላይ ሚታይል የሚባል ትንሽ የኬሚካል ቡድን ይለጥፍበታል፣ ሚታይል ካለው ፐርአዮዴት አይነካውም። ሰው ላይ ግን የሱ ዘመድ ሄንኤምቲ1 በዋናነት የሚሰራው ፒዊ አርኤንኤ (ሌላ ዓይነት አጭር አርኤንኤ) ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ በብዛት ያለው የወንድ የዘር ፍሬ ውስጥ ነው እንጂ ሄክ ውስጥ አትፈልገው። የኛ ማይክሮ አርኤንኤ ባብዛኛው ጫፉ ላይ ሁለቱ ኦኤች ጎን ለጎን ቁጭ ብለዋል፣ ፐርአዮዴት ደግሞ የሚፈልገው እነሱን ነው፣ ስኳሩን ሲሰነጥቀው አዳፕተር (ለሲኩዌንስ የሚቀጠለው አጭር ቁራጭ) የሚያያዝበት ኦኤች ስለሌለ ላይብረሪ (ሲኩዌንስ የሚደረገው ስብስብ) ውስጥ አይገባም። ቲዩቡ ውስጥ ግን አለልህ። ቤታ ኢሊሚኔሽን (የተሰነጠቀውን የመጨረሻ ስኳር የሚያስወግድ እርምጃ) አድርገህ ኖርዘርን (አርኤንኤን በጄል ለይቶ የሚያሳይ ምርመራ) ብትሰራ አንድ ኑክሊዮታይድ አጥሮ፣ ጫፉ ላይ ፎስፌት ስለሚቀር ደግሞ ጄሉ ላይ የሁለት ያህል ቀድሞ ወርዶ ታገኘዋለህ።

ኮሜንት ላይ «የሲአርኤንኤ (ጂን ዝም የሚያሰኝ አጭር አርኤንኤ) መድሃኒቶች እኮ ሚታይል አላቸው» ያለው ልጅ፣ አዎ አላቸው፣ በ2018 የፀደቀው ፓቲሲራንም አለው፣ ግን እሱን ያስገባው ኬሚስት እንጂ ሴሉ አይደለም። ሴሉ ሌት-7 ላይ የሚሰራው ሌላ ነው፤ ሊን28 የሚባል ፕሮቲን ካለ ቲዩቲ4 የሚባል ኢንዛይም ያልበሰለው ሌት-7 ጫፍ ላይ ዩ (ዩሪዲን) ይደረድርበትና ዳይሰር (ቆርጦ የሚያበስለው ኢንዛይም) ሳይቆርጠው ይወገዳል። የዩ ጭራውም ቢሆን መጨረሻው ተራ ኦኤች ስለሆነ ከፐርአዮዴት አያድንህም።

አሁን ምን አድርግ፦ ሁለት ሲንተቲክ ኦሊጎ (በላብ የተሰራ አጭር አርኤንኤ) እዘዝ፣ አንዱ ጫፉ ላይ ሚታይል ያለው ሌላው የሌለው፣ ከኦክሲዴሽኑ በፊት ሳምፕልህ ውስጥ ጨምራቸው። ባለ ሚታይሉ ቀርቶ ሌላው ከጠፋ ነገሩ አለቀ፣ ሁለቱም ከጠፉ ግን እውነትም እጅህ ነው ማለት ነው 😂። ፐርአዮዴት ያልነካው ቲዩብ ጎን ለጎን አስኪድ፣ ሶሉሽኑን በዕለቱ በጥብጠህ ጨለማ ውስጥ ስራበት፣ ከዘር ፍሬ የወጣ አርኤንኤ ካገኘህ ደግሞ ከሱ የተሻለ ፖዘቲቭ ኮንትሮል የለም። እሱን ስትሰራ ሊጌሽኑ (አዳፕተር ማያያዙ) ላይ አትቸኩል፣ ሚታይል ያለበት ጫፍ አዳፕተር ቶሎ አይዝም፣ እኔ ፔግ 8000 (ሊጌሽኑን የሚያግዝ ኬሚካል) ወደ 25% ከፍ አድርጌ በ16 ዲግሪ ሳሳድረው ነው ፒዊ አርኤንኤው ደህና የወጣልኝ።

የጄሉ ፎቶ ካለህ ለጥፈው እስቲ እንየው።