«ነገ ምን ልታደርግ ነው?» በስፓኒሽ፦ የጀማሪዎች ጥያቄና መልስ

ስለ ስፓኒሽ የወደፊት ጊዜ ያስቸገራችሁን አምጡ ብዬ ነበር፤ አመጣችሁት። የምመልሰው ኩባ ተምሬ በለመድኩት ስፓኒሽ ነው። ስፔኖቹ የሚለዩበት ቦታ ሲመጣ እናገራለሁ። ቃላቱን በፊደላችን የጻፍኩት እንደሚነገሩት ነው። «ቭ» የሚባል ድምፅ ስለሌላቸው በ«ብ» ጽፌዋለሁ፤ «ኽ» ያልኩት በላቲን ፊደል በ«ጄ» የሚጻፈውን የጉሮሮ ድምፅ ነው። «ኝ» ራሳቸውም አላቸው፣ በእሱ አንቸገርም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መጽሐፉ «ቦይ ኣ ኮሜር» ይላል፣ መምህሬ «ኮሜሬ» ትላለች፣ ስልኬ ላይ ያለው አፕ ደግሞ «ማኛና ኮሞ» ይለኛል። ሁሉም «እበላለሁ» ነው ይሉኛል። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ ሦስቱም ልክ ናቸው፤ አንተ ግን ከ«ቦይ ኣ» ጀምር። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ በአፍህ ላይ ያለ ነገር ስለሆነ። «ልበላ ነው» ትል የለ? እሱ ነው። «ቦይ» ማለት «እሄዳለሁ» ነው፤ ከ«ኣ» ጋር ገጥሞ «መብላት»ን ሲያስከትል ግን መሄዱ ይቀርና «ልበላ ነው» ይሆናል።

ልዩነቱ የሚንቀሳቀሰው ክፍል ላይ ነው። እኛ ዘንድ «ነው» ቆሞ ይቀርና ግሱ ይረባል፦ ልበላ ነው፣ ልትበላ ነው፣ ሊበላ ነው፣ ልንበላ ነው። እነሱ ዘንድ ግሱ በመዝገበ ቃላት እንዳለ ይቆምና የፊተኛው ይረባል፦ ቦይ (እኔ)፣ ባስ (አንተ፣ አንቺ)፣ ባ (እሱ፣ እሷ)፣ ባሞስ (እኛ)፣ ባን (እነሱ)። ስፔን ከሆንክ ለ«እናንተ» «ባይስ» ትጨምራለህ፤ ላቲን አሜሪካ ለ«እናንተ»ም «ባን» ይበቃል። በቃ፣ እነዚህን ካወቅህ የማንኛውንም ግስ የወደፊት ጊዜ አወቅህ ማለት ነው። ጀማሪ ሆኖ በአንድ ከሰዓት እንዲህ ያለ ትርፍ የሚገኝበት ሌላ የሰዋስው ክፍል አላውቅም።

«ማኛና ኮሞ» ያለህ አፕም አልዋሸም። የአሁኑን ጊዜ ወስዶ «ነገ»ን ከፊቱ አስቀመጠ። «እበላለሁ» ራሱ ለዛሬም ለነገም ያገለግል የለ? ቁርጥ ያለ ፕሮግራም ሲኖርህ እንዲህ ትላለህ፦ «ማኛና ትራባኾ»፣ ነገ እሠራለሁ፣ ሥራ አለኝ።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ «ቦይ ኮሜር» ብዬ እሳሳታለሁ፤ «ኣ»ዋን እረሳታለሁ። ሲያወሩም አልሰማትም።

መልስ፦ አትሰማትም፣ ምክንያቱም እነሱ ይውጧታል። «ባ ኣ ኣብላር» (ሊናገር ነው) በፍጥነት ሲነገር «ባብላር» ነው የሚሆነው፤ ሦስት «ኣ» ተደራርቦ አንድ ሆነ። «ቦይ ኣ ኣሴር»ም (ላደርግ ነው) «ቦያሴር» ሆኖ ይወጣል። ጆሮ ያላገኘውን እጅ ይያዘው፤ ስትጽፍ አንዲትም ቀን አትዝለላት። ስትናገር ደግሞ «ቦያ» የሚል አንድ ቃል ያለ አድርገህ ልመድ፦ ቦያ ኮሜር፣ ቦያ ዶርሚር፣ ቦያ ሳሊር።

ጥያቄ፦ «እርስዎ»ን እንዴት ነው? «ኡስቴድ ባን» ብዬ ሳቁብኝ።

መልስ፦ አማርኛችን ነው ያሳተህ። እኛ ስናከብር ግሱን ወደ ብዙ እንወስደዋለን፦ «እርስዎ ሊሄዱ ነው»፣ እንደ «እነሱ»። ስፓኒሽ ሲያከብር ወደ «እሱ/እሷ» ነው የሚወስደው፦ «ኡስቴድ ባ»። «ባን» የሚመጣው ሰዎቹ ሲበዙ ነው፣ «ኡስቴዴስ ባን»።

ሌላም አለ። «አባቴ ነገ ይመጣሉ» የሚለው የሩቅ አክብሮት እነሱ ጋ የለም። «ሚ ፓድሬ ቢዬኔ ማኛና» ነው፣ «አባቴ ነገ ይመጣል» እንደማለት። መጀመሪያ ላይ አፍ አልታዘዝ ይላል፤ እኔ ስለ እናቴ ሳወራ ለረጅም ጊዜ ቅር ይለኝ ነበር። ያላከበርክ እንዳይመስልህ።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን አካባቢ ሬስቶራንት ውስጥ ነው የምሠራው፤ ወጥ ቤት ያሉት አብዛኞቹ ከኤል ሳልቫዶር ናቸው። ሲጠሩኝ «መጣሁ!» ለማለት «ቤንጎ!» እላለሁ፣ ግራ ተጋብተው ያዩኛል። ደግሞ «ኣኦሪታ» የሚሉት አሁን ነው በኋላ?

መልስ፦ የእኛ «መጣሁ» ሁለት ሥራ ይሠራል። ስትጠራ «አቤት፣ መጣሁ» ትላለህ። ወጣ ልትል ስትል ደግሞ በሩ ላይ ሆነህ «መጣሁ» ብለህ ትሄዳለህ፣ እመለሳለሁ ለማለት። ስፓኒሽ እነዚህን ይለያቸዋል። ስትጠራ «ያ ቦይ!» ነው፣ ቃል በቃል «እየሄድኩ ነው»፤ ከቆምክበት ቦታ ተነስተህ ስለምትሄድ። ወጥተህ ልትመለስ ከሆነ «ኣኦሪታ ቤንጎ»። አንተ ሼፉ ሲጠራህ «ቤንጎ» ስትለው ከተጠራህበት ይልቅ ወደ ውጭ የምትወጣ መስሎታል።

«ኣኦሪታ» እንደ አገሩ ነው። ኩባ «ትንሽ ቆይቶ» ማለት ነው፣ አሁን ማለት አይደለም። ሌላ ቦታ «አሁኑኑ»ም ይሆናል፣ «እሺ አንዴ» ተብሎ የሚረሳም ይሆናል። ሰዓት ስትፈልግ «ኣ ኬ ኦራ?» ብለህ ጠይቅ።

ሰዎቹ «ቱ» (አንተ) በማለት ፈንታ «ቦስ» ሲሉህ አትደንግጥ። በዚህኛው እርባታ ለውጥ የለውም፦ «ቦስ ባስ ኣ ኮሜር»።

ጥያቄ፦ ታዲያ «ኮሜሬ» የሚለው የት ይገባል? ፈተና ላይ ይመጣል፣ ሰው ሲያወራ ግን ብዙም አልሰማውም።

መልስ፦ ልክ ነሽ እህቴ፣ በተለይ ላቲን አሜሪካ በአፍ ብዙም አይሰማም፤ ስፔን ትንሽ ይሻላል። ጽሑፍ ላይ፣ ዜና ላይ፣ የአየር ትንበያ ላይ ግን ሞልቷል። ቃል ሲገባም ይመጣል። «ቴ ቦይ ኣ ያማር» ያለሽ ሰው ሊደውልልሽ አስቧል፤ «ቴ ያማሬ» ያለሽ ግን ከበድ አድርጎ ነው የተናገረው፣ ቃሌ ነው እንደማለት። መደወሉን እኔ አላውቅም።

አሠራሩን ከነታሪኩ ልንገርሽ፣ ያኔ ሽምደዳው ይቀልሻል። «እነግርሃለሁ» ስትይ ሦስት ነገር ነው የደረደርሽው፦ እነግር፣ ህ፣ አለሁ። ግሱ፣ ከዚያ የሚነገረው ሰው፣ መጨረሻ ላይ «አለሁ» የሚለው ረዳት። የድሮ ስፓኒሽ እንደዚሁ ነበር። «ዴሲር ቴ ኤ» ይሉ ነበር፦ «ዴሲር» መናገር፣ «ቴ» አንተን፣ «ኤ» ደግሞ «ኣቤር» ከሚለው ግስ የመጣ «አለኝ»። ተመልከቺ፣ ቅደም ተከተሉ ሳይቀር አንድ ነው! ከላቲን የወረሱት ነው፤ አንቶኒዮ ዴ ኔብሪኻ እንደ ፈረንጆቹ በ1492 ባሳተመው የካስቲያ ቋንቋ (ማለትም የስፓኒሽ) ሰዋስው ላይ የወደፊቱ ጊዜ ከግሱና ከዚህ ረዳት የተገጣጠመ መሆኑን ጽፎታል። በኋላ «ቴ» ወደ ፊት ወጣችና ሁለቱ ተጣበቁ፤ ዛሬ «ቴ ዲሬ» ነው። እኛ ደግሞ ሦስቱንም እንደተጣበቁ ይዘናቸው ቀረን።

ስለዚህ መጨረሻዎቹ አዲስ ነገር አይደሉም፣ ያ ረዳት ግስ ነው፦ ኤ፣ ኣስ፣ ኣ፣ ኤሞስ፣ ኤይስ፣ ኣን። ሙሉው ግስ ላይ ትለጥፊያቸዋለሽ፦ ኣብላሬ፣ ኣብላራስ፣ ኣብላራ፣ ኣብላሬሞስ፣ ኣብላሬይስ፣ ኣብላራን። በ«ኣር»፣ በ«ኤር»፣ በ«ኢር» ለሚያልቁት ሁሉ አንድ ነው፤ የአሁኑ ጊዜ ላይ ያሰለቸሽ ክፍፍል እዚህ የለም። ድምፅሽን ግን መጨረሻው ላይ ጫን አድርጊ። «ኣብላራ» መጨረሻው ላይ ጫን ሲባል «ይናገራል» ነው፤ መሀሉ ላይ ጫን ካልሽ ሌላ እርባታ ይሆናል።

ጥያቄ፦ «ቴኔሬ» ብዬ ጽፌ ተሰረዘብኝ።

መልስ፦ «ቴንድሬ» ነው። መሀል ያለችው «ኤ» ወደቀች፤ «ን» እና «ር» ሲጋጠሙ ለምላስ አስቸገሩና «ድ» ገባች። «ቤንድሬ» (እመጣለሁ)፣ «ፖንድሬ» (አስቀምጣለሁ)፣ «ሳልድሬ» (እወጣለሁ) የዚሁ ወገን ናቸው። «ፖድሬ» (እችላለሁ) እና «ሳብሬ» (አውቃለሁ) አናባቢዋን ብቻ ጣሉ። «ዲሬ» (እናገራለሁ) እና «ኣሬ» (አደርጋለሁ) ደግሞ የባሰ አጠሩ። መሠረታዊዎቹ ከደርዘን አይበልጡም፤ እነዚህን ስምንት ያዝ፣ የቀሩት ሲመጡ ትተዋወቃላችሁ።

ጥያቄ፦ በር ተንኳኳና ጓደኛዬ «ኪዬን ሴራ?» አለች። «ሴራ» የወደፊት አይደለም እንዴ? ሰውየው እኮ በር ላይ ነው።

መልስ፦ «ማን ይሆን?» ነው ያለችው። አንቺስ በአማርኛ በምን ትጠይቂ ነበር? የወደፊቱ ጊዜ ለግምት ያገለግላል፦ «ኤስታራ ኤን ካሳ»፣ ቤት ይሆናል። ለዚህ አጠቃቀም የአማርኛ ተናጋሪ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ «ይሆናል» የምንልበት ቦታ ሁሉ ይገባል።

«ሴራን ላስ ትሬስ»ም «ይሆናል» ነው፣ ግን ተጠንቀቂ፤ ሦስት ሰዓት ይሆናል እንዳትይ። የእነሱ ከሰዓት «ትሬስ» የእኛ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ቀጠሮ ስትይዢ ቃሉን ከመተርጎምሽ በፊት ስድስቱን ሰዓት ቀንሺ ወይ ጨምሪ። በዚህ ስንት ሰው አውቶቡስ ጣቢያ ተገትሮ ቀርቷል።

ጥያቄ፦ «ሰኞ» ለማለት «ኤን ሉኔስ» ነው? «በሁለት ቀን ውስጥ»ስ?

መልስ፦ «ኤን» አያስፈልግም፤ «ኤል ሉኔስ» ነው። እኛም «ሰኞ እሄዳለሁ» ብለን ዝም ነው የምንል። «የሚመጣው ሳምንት» ቃል በቃል «ላ ሴማና ኬ ቢዬኔ» ነው፤ ዓመትም «ኤል ኣኞ ኬ ቢዬኔ»። ከነገ ወዲያ «ፓሳዶ ማኛና»።

ወጥመዱ «ዴንትሮ ዴ ዶስ ዲያስ» ላይ ነው። «ዴንትሮ» ውስጥ ማለት ስለሆነ ሰው «በሁለት ቀን ውስጥ» አድርጎ ይወስደዋል። አይደለም፤ «ከሁለት ቀን በኋላ» ነው። ከረቡዕ ተነስቶ «ዴንትሮ ዴ ዶስ ዲያስ» ያለህ ሰው አርብ ነው የሚመጣው፣ ሐሙስ አትጠብቀው።

ጥያቄ፦ «እግዚአብሔር ካለ» ሳልል ስለ ነገ ማውራት ይከብደኛል። አለ?

መልስ፦ እንዴታ! «ሲ ዲዮስ ኪዬሬ»፣ እግዚአብሔር ከፈቀደ። አያቶች አፍ ላይ አይጠፋም። «ኪዬሬ» የአሁን ጊዜ መሆኑን ልብ በይ፤ «ሲ» (የ«ከፈቀደ» «ከ») ካለች ከኋላዋ የወደፊት ጊዜ አይከተልም፦ «ሲ ቴንጎ ዲኔሮ፣ ቦይ ኣ ቢያኻር»፣ ገንዘብ ካለኝ ልጓዝ ነው። «ኦኻላ» የምትባለውንም ትሰሚያለሽ፤ ድሮ ስፔን ውስጥ ይነገር ከነበረው የአንዳሉስ ዐረብኛ የገባች ናት፣ አላህ ከፈቀደ ከሚለው። ዛሬ ሃይማኖት የሌለውም ይላታል፣ «ምነው በሆነ» ለማለት።

ጥያቄ፦ «ባሞስ ኣ ኮሜር» ልንበላ ነው ወይስ እንብላ?

መልስ፦ ሁለቱም። ሳህኑን አይተህ ፍረድ።

ጥያቄ፦ «ስደርስ እደውላለሁ» እንዴት ልበል? «ኳንዶ ዬጋሬ» ስህተት ነው ተባልኩ።

መልስ፦ ስህተት ነው። ገና ላልሆነ ነገር «ኳንዶ» የወደፊቱን ጊዜ አይቀበልም፤ «ኳንዶ ዬጌ» የሚል የተለየ እርባታ ይፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ራሱን የቻለ ወራት የሚበላ ትምህርት ነው። እስከዚያ በአቋራጭ ግባ፦ «ኣል ዬጋር ኣ ካሳ፣ ቴ ያሞ»። «ኣል» እና ያልተረባ ግስ ስታገናኝ «ስደርስ» ይሆንልሃል። የሚደርሰውም የሚደውለውም አንድ ሰው ሲሆን ብቻ ነው ታዲያ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ይቺን ጽፌያለሁ፤ ቢያርሙልኝ። «ኤን ሉኔስ ቦይ ቢያኻር ኣ ማድሪድ። ኳንዶ ዬጋሬ፣ ኤስቶይ ቢቢዬንዶ ኮን ሚ ፕሪማ። ፒዬንሶ ኣ ኤስቱዲያር ኤስፓኞል።»

መልስ፦ ሐሳብሽ ገብቶኛል፤ ሰኞ ማድሪድ ልትሄጂ ነው፣ ስትደርሺ ከአክስትሽ ልጅ ጋር ልትኖሪ ነው፣ ስፓኒሽ ልትማሪ አስበሻል። እንዲህ ይሁን፦

«ኤል ሉኔስ ቦይ ኣ ቢያኻር ኣ ማድሪድ። ኣል ዬጋር፣ ቦይ ኣ ቢቢር ኮን ሚ ፕሪማ። ፒዬንሶ ኤስቱዲያር ኤስፓኞል።»

የመጀመሪያዎቹን እላይ ብለናቸዋል። «ኤስቶይ ቢቢዬንዶ» ግን «እየኖርኩ ነው» ነው፣ አሁን፣ በዚህ ደቂቃ። ከእንግሊዝኛ እንዳመጣሽው ያስታውቃል፤ እዚያ ያ ቅርጽ ለነገም ይሠራል፣ ስፓኒሽ ላይ ግን አይሠራም። አማርኛሽን ብትሰሚው ኖሮ አትስቺም ነበር፤ «የዛሬ ሳምንት እየኖርኩ ነው» አትይም። «ፒዬንሶ» ደግሞ እንደ «ቦይ» «ኣ» አይፈልግም፤ «ልማር አስቤያለሁ» ለማለት ግሱን በቀጥታ አስከትዪለት። ሳይቆረጥልሽ ምኞት ብቻ ከሆነ «ሜ ጉስታሪያ ኤስቱዲያር» በይ።

ትኬትሽን ቆርጠሽ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያውን አሳጥሪው፦ «ኤል ሉኔስ ቢያኾ ኣ ማድሪድ»።