አሰልጣኙን «አንተ» የሚሉት መቼ ነው?

ጥያቄ፦ ለጓደኞቼ ብዬ «ቫርሲቲ ብሉስ» ለሚባለው ፊልም የአማርኛ ሰብታይትል እየሠራሁ ነው። እንግሊዝኛው ሁሉንም ሰው «ዩ» ብሎ ይገላገላል። እኔ ግን በየመስመሩ እየቆምኩ ነው። ተጫዋቾቹ አሰልጣኙን አንተ ይበሉት ወይስ እርስዎ? መጨረሻ ላይ ሲያምፁበትስ ልቀይረው? ደግሞ «ፉትቦል»ን እግር ኳስ ብዬ ልለፈው? ወንድምህ ከአዲስ አበባ።

መልስ፦ «ወንድምህ» ብለህ ስለፈረምክ እኔም አንተ እልሃለሁ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም፤ እኛ ገና ሰላም ሳንል ነው የምንወስነው።

ፊልሙን ላላዩት ባጭሩ፦ በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ሳቅም እንባም ያለበት የወጣቶች ፊልም ነው። ታሪኩ ቴክሳስ ውስጥ፣ ዌስት ኬነን በተባለች የፈጠራ ከተማ ይሄዳል። ጆን ቮይት የሚጫወተው አሰልጣኝ ባድ ኪልመር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ከ30 ዓመት በላይ ይዞታል። 22 ጊዜ የዲስትሪክት ዋንጫ በልቷል። በቁሙ ሐውልት ተሠርቶለታል። ዋናው ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) ላንስ በተጎዳ ጉልበቱ ላይ መርፌ እየተወጋ ሲጫወት ይቆይና አንድ ቀን ጉልበቱ ይከዳዋል። ተጠባባቂው ሞክስ ይገባል። ጠቡም ከዚያ በኋላ ይከርራል።

መልሴ፦ እርስዎ በል። ሐውልት የቆመለት ሰው አንተ አይባልም። እርግጥ እኛ አገር ሜዳ ላይ «ኮች ቀይረኝ» የሚል ተጫዋች ሞልቷል፤ ከወጣት አሰልጣኝ ጋር ያስኬዳል። ኪልመር ግን የልጆቹን አባቶች ጭምር ያሰለጠነ ነው። የሞክስ አባትም በእሱ ሥር ተጫውቷል። ስለዚህ አባትየውንም ለኪልመር እርስዎ አስብለው። ልጅ ያደረሰ ሰው ዛሬም አሰልጣኙ ፊት ሲሽቆጠቆጥ ተመልካቹ ያያል፤ ከተማዋ ምን እንደነካት ይገባዋል።

አንድ ነገር ግን አደራ። «እሺ ጌታዬ» እንዳትል። «ሰር»ን ሁሉ ጌታዬ ማድረግ የትርጉም ፊልም አማርኛ ነው፤ ሰፈር ውስጥ ማንም አይናገረውም። «እሺ ኮች» በቂ ነው፤ አክብሮቱን ግሡ ይሸከመዋል። «ኮች፣ እኔን ያስገቡኝ» ስትል እርስዎ የሚለውን ቃል መጻፍ እንኳ አያስፈልግህም። ለሰብታይትል ደግሞ ቦታ ይቆጥብልሃል። «አንቱ»ም አለልህ፤ በጎጃምና በጎንደር ይበልጥ ይሰማል። ፊልሙን አንድ አካባቢ ላይ እንዳትጥለው ግን እርስዎ ይሻላል።

አክብሮቱን ደግሞ በሁሉም ቦታ አትርጨው። ልጆቹ ብቻቸውን ሲሆኑ ኪልመር «እሱ» ነው። የትኛውም ትምህርት ቤት ኮሪደር ላይ የምትሰማው ነው፦ «መጣ፣ መጣ!» ይባላል በሹክሹክታ፤ ሰውየው በሩን ሲከፍት «ደህና አደሩ?» ይከተላል። ያው አፍ፣ ያው ደቂቃ። ተርጓሚ ወጥ ልሁን ብሎ ልጆቹን በስውርም «እሳቸው» ካስባላቸው የቤተ ክህነት ተማሪዎች ይመስላሉ።

አሁን ወደ አመፁ። በመጨረሻው ጨዋታ እረፍት ላይ ኪልመር ሌላ ልጅ፣ ዌንደልን፣ ጉልበቱን መርፌ ሊያስወጋው ነው። ሞክስ እሱ ከተወጋ አልጫወትም ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዘሎ አንተ ያስገባል። እኔ አልቸኩልም። አማርኛ በእርስዎና በአንተ መካከል ሦስተኛ መንገድ አለው፤ ሁላችንም በየቀኑ እንሄድበታለን። አዲስ አለቃ መጥቶ ዕድሜው ከአንተ ጋር እኩል ሲሆንብህ ምን ትለዋለህ? «ምሳ ተበላ?» «ወዴት እየተሄደ ነው?» «ቡና ይጠጣ?» ትላለህ። አንተም አላልከው፣ እርስዎም አላልከው። ሰውየው ከዓረፍተ ነገሩ ወጥቷል።

ሞክስንም በዚህ አናግረው፦ «ዌንደል መርፌ ከተወጋ እኔ አልገባም።» ማን ነው የሚያስወጋው? አልተባለም። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ግን ያውቀዋል። ልጁ «እርስዎ» ማለቱን ትቷል፣ «አንተ» ግን ገና አላለም። ለእኔ ከስድብ ይልቅ ይህ ያስፈራል።

አንተ የሚመጣው ኪልመር ሞክስን አንገቱን ሲያንቀው ነው። በዚያ ግርግር ልጆቹ ምን ይላሉ? «ኧረ ይልቀቁት!» ልመና ነው፤ ለፖሊስም ይባላል። «ልቀቀው!» ትእዛዝ ነው። ይቺን አንዲት ቃል እስከዚህ ድረስ ካልነካካሃት እዚህ ላይ ትጮህልሃለች። ከመጀመሪያው አንተ ሲሉት ከቆዩ ግን ምንም አዲስ ነገር አልተፈጠረም። ከዚህ በኋላ ኪልመር ተከተሉኝ ሲል ማንም አይከተለውም፤ እዚያ ላይ ምንም አትጽፍም።

ሞክስ ከአባቱ ጋር የሚጋጭበትን ትዕይንት ግን ለየው። ልጁ የአባቱን ዓይነት ኑሮ እንደማይፈልግ በግልጽ ይነግረዋል። አዲስ አበባ ውስጥ «አባዬ» ብሎ በአንተ የሚያወራ ልጅ ብዙ ነው፤ በእርስዎ የሚያወራም አለ። የፈለግከውን ምረጥ፣ ብቻ በመሃል አትቀይረው። ከአሰልጣኝ ጋር መለያየት አለ፤ ከአባት ጋር ማታ አንድ ገበታ ይቀረባል። አንተ ካስባልከው፣ ቁጣውን «አባዬ» የምትለውን ቃል በማስቀረት አሳየው። እርስዎ ካስባልከው ደግሞ ባለበት ይቆይ። «የእርስዎን ኑሮ አልፈልግም» ሲባል አክብሮቱ ራሱ ይናከሳል።

አንድ ወጥመድ አለ። የእርስዎ፣ የእሳቸውና የእነሱ ግስ አንድ ነው። «ጉልበቱን እንደሚጎዳው ያውቁ ነበር» ብለህ ብትጽፍ ማን ነው ያወቀው? አሰልጣኙ ነው ወይስ ቡድኑ በሙሉ? ተናጋሪው ጣቱን ሲቀስር ካልታየ ባለቤቱን ጻፈው፦ «ኮች ያውቁ ነበር።» ያለዚያ የአንዱን ጥፋት ለሃምሳ ሰው ታከፋፍለዋለህ።

ፉትቦልን በሚመለከት ብዙ አትጨነቅ። እግር ኳስ ብቻ ካልክ ተመልካቹ ጎል ይጠብቃል። መጀመሪያ ላይ አንዴ «የአሜሪካ ፉትቦል» በል፤ ከዚያ «ጨዋታው»፣ «ኳሱ» ይበቃል። ኳርተርባክን ኳርተርባክ በለው። «ሩብ ተከላካይ» እንዳትለው፤ ሰውየው አይከላከልም፣ ማጥቃቱን የሚመራው እሱ ነው። ተችዳውንም (ኳሱን ይዞ የተጋጣሚን የመጨረሻ መስመር አልፎ ነጥብ ማግኘት) እንደዚያው ይለፍ፤ ሲጨፍሩ ሲያይ ተመልካቹ ይገባዋል።